አምሮት ሲመጣ ምን እናድርገው?

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ! ዛሬ ስለ አምሮት ነው የምናወራው። ስለ ረሃብ አይደለም፣ ስለ አምሮት። ረሃብ ያገኘውን ይበላል፤ ዳቦም ይሁን ሩዝ፣ ብቻ ይምጣለት። አምሮት ግን መራጭ ነው። እራት በልታችሁ፣ ጠግባችሁ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ስትሉ «ቸኮሌት» ይላል። ቸኮሌት ብቻ! ክብደት እየቀነሳችሁ ያላችሁ ይቺን ሰዓት ታውቋታላችሁ።

እኔ አምሮትን የማየው እንደ ጎረቤት ድመት ነው። አንድ ማታ በራችሁ ላይ መጥታ ሚያው አለች። አሳዘነቻችሁና ቁራሽ ሥጋ ጣላችሁላት። በነጋታው በዚያው ሰዓት መጣች። ደግማችሁ ሰጣችኋት። አለቀ! ከዚህ በኋላ ሰዓቱን ታውቃለች። የሳህን ድምፅ ታውቃለች። መራብ እንኳ አያስፈልጋትም፤ ቤቷ ጠግባ በልታ ትመጣለች።

አሁን ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ አልሰጥም» አላችሁ። ዝም ብላ የምትሄድ ይመስላችኋል? ኧረ የለም! ይብስባታል። በሩን ትቧጥጣለች፣ ትጮኻለች። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ጩኸቱ ሲበረታ «በቃ፣ እንኪ» ይላል። ድመቷ ምን ተማረች? አጥብቄ ከጮህኩ ይሰጡኛል! ነገ ከዚያው ጩኸት ነው የምትጀምረው። የእናንተ በር ደግሞ ሶፋው ነው፣ ሪሞቱ ነው፣ የማሸጊያው ድምፅ ነው።

ሆርሞኑን በፍጥነት እንለፈው፣ ባለፈው ቪዲዮ አይታችሁታል። ስብ ሲቀንስ «ጠግበሃል» የሚለው ሆርሞን፣ ሌፕቲን፣ ይወርዳል፤ «ርቦሃል» የሚለው፣ ግሬሊን፣ ይጨምራል። «ፈልገው፣ ሂድና አምጣው» የሚያሰኘን የአንጎል ኬሚካል፣ ዶፓሚን፣ ደግሞ ምግቡ ገና ሳይመጣ ምልክቱን ስናይ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ሆርሞን ከዓመት በኋላም ወደ ቦታው አልተመለሰም ነበር። ስለዚህ «ወኔ የለኝም» እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። እንቀጥል።

ቆይ፣ ቆይ። ኮሜንት ላይ በጣም የሚደጋገም ነገር አለ። «ቸኮሌት የሚያምረን ማግኒዥየም የሚባለው ማዕድን ሲጎድለን ነው፤ ሰውነታችን ያውቃል» ትላላችሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጎደለን ማግኒዥየም ከሆነ የዱባ ፍሬ ለምን አያምረንም? ከቸኮሌት የበለጠ ማግኒዥየም ያለው እሱ ነው። እኩለ ሌሊት ተነስቶ የዱባ ፍሬ ፍለጋ ቁም ሣጥን የሚበረብር ሰው አይቼ አላውቅም!

ይሄ ደግሞ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሚችነርና ሮዚን የተባሉ ተመራማሪዎች ቸኮሌት አዘውትሮ የሚያምራቸውን ሰዎች ያዙ። አምሮቱ ሲመጣ አንዳንዴ ቸኮሌት፣ አንዳንዴ ነጭ ቸኮሌት፣ አንዳንዴ የካካዎ ዱቄት የያዘ እንክብል ሰጧቸው። ማዕድኑም፣ ሌላውም የካካዎ ንጥረ ነገር እንክብሉ ውስጥ አለ። ጣዕሙ ብቻ ነው የሌለው። አምሮቱን አላበረደውም። የካካዎ ዱቄት የሌለበት ነጭ ቸኮሌት ግን በከፊል አበረደው። አያችሁ? የፈለገው አፋችን ነው፤ ጣፋጩን፣ ቅባቱን፣ ምላስ ላይ ሲቀልጥ ያለውን ስሜት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በረዶ መቆርጠም ሁልጊዜ የሚያምረው ሰው የአይረን እጥረት ሊኖርበት ስለሚችል ይመርመር።

እሺ፣ ምን እናድርግ? «ከነአካቴው እርም በሉ» በሚለው ምክር አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጊብሰንና ዴዝሞንድ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ቸኮሌት አበሏቸው። ግማሾቹ በራባቸው ሰዓት፣ ግማሾቹ ምግብ በልተው ሲጠግቡ። በረሃብ የበሉት አምሮታቸው ጨመረ። ጠግበው የበሉት ቀነሰ። ያው ቸኮሌት ነው!

ስለዚህ የምትወዱትን ነገር ከምሳ በኋላ አድርጉት። ጠረጴዛ ላይ፣ ሳህን ላይ፣ ትንሽ ቆርሳችሁ። ቀሪውን መልሳችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ብሉ። ሶፋ ላይ በፍጹም! ማታ ከመጣባችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ሥራ አስይዙት። አምሮት የሚኖረው በአእምሮ ምስል ነው። ለ3 ደቂቃ ቴትሪስ፣ ያ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የምንደረድርበት የስልክና የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የተጫወቱ ሰዎች አምሮታቸው እንደቀነሰ ታይቷል። ስልካችሁ ላይ ጫኑት፣ ነፃ ነው።

አምሮቱ ስንት ሰዓት ላይ፣ የት ቁጭ ብላችሁ እንደሚመጣባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቀጣዩ ቪዲዮ እንቅልፍ ማጣት እንዴት እንደሚያባብሰው ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ እንዳያመልጣችሁ።