የአንድ ፓኮ ሲጋራ ነገር፦ በጋራዥ ባለቤቶች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ከሥራና ክህሎት ቢሮና ከኮሌጆች ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ዘግቶ ስብሰባ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለሠርግ የምትፈለግ መኪና ክሪክ ላይ ሰቅላችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ የስልካችሁ ጩኸት ይነግረኛል። እባካችሁ ስልኩን ዝም አሰኙት፤ በር ላይ የቆማችሁም ግቡ፣ ወንበር አለ።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን እንድናገርበት የሰጠኝ ርዕስ «የሰው ሀብት ልማት በምታድግ ከተማ» የሚል ነው። ርዕሱ የፕሮፌሰር ነው፤ እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ። ስለዚህ ከማውቀው፣ ከአንድ ፓኮ ሲጋራ እጀምራለሁ።

በ1973 ዓ.ም. ከወሊሶ መጥቼ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ስገባ 14 ዓመቴ ነበር። ደመወዜ ምሳና አሮጌ ቱታ ነበር። ቱታው ለትልቅ ሰው የተሰፋ ስለነበር እግሩን ሁለት ጊዜ አጥፌ ነበር የምለብሰው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አለቃዬ ሙያውን የተማሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው። ለእኛም ያወረሱን ቋንቋ የዚያው ቤት ነው፦ ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ። ጣሊያንኛ ስናገር እንደኖርኩ ያወቅኩት ጎልምሼ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ በናፍታ አጠብኩ። መፍታት ተፈቀደልኝ፣ መግጠምም ቀስ በቀስ ተፈቀደልኝ። አንድ ነገር ግን አልተፈቀደልኝም። የአንዲት ቮልስ ወይም የአንዲት ላዳ ሞተር ተገጥሞ አልቆ፣ የካንዴላው እሳት በሰዓቱ እንዲመጣ የሚያደርገው ፑንቲና ተመጥኖ ሊነሳ ሲል፣ ጋሼ ኪሳቸውን ዳበስ ያደርጉና «ሂድ፣ ሲጋራ ግዛልኝ» ይሉኛል። ሮጬ ስመለስ ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ የአጋጣሚ ነገር መስሎኝ ነበር። ከብዙ ሲጋራ በኋላ ነው የገባኝ። ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ሙሉ ፓኮ ነበራቸው።

ምን ላድርግ? ከጉርሻዬ አጠራቅሜ አንድ ፓኮ ኒያላ ገዛሁና ቱታዬ ውስጥ ደበቅኩ። በሚቀጥለው ጊዜ «ሂድ፣ ሲጋራ» ሲሉኝ፣ ካለሁበት ሳልነቃነቅ አወጣሁና «ይኸው ጋሼ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ጥፊ እየጠበቅኩ ነበር። ሳቁ። «በል ና፣ መብራቱን ያዝልኝ» አሉ። መካኒክ የሆንኩት በዚያች ከሰዓት በኋላ ነው።

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ታምሜ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። የፈሩት ግልጽ ነው፦ ይህ ልጅ ከቻለ ነገ ከፊት ለፊቴ ይከፍታል። ፍርሃታቸውም ትክክል ነበር፤ ከፍቻለሁ። ፊት ለፊት ሳይሆን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት የፈጠሩት አበው ምን ማለታቸው እንደነበር አላውቅም፤ በእኛ ሠፈር ግን ተረቱ ቁልፍ ሆኖ ቆይቷል፤ ከውስጥ የሚቆለፍ።

ይህን ሁሉ የማወራው ጋሼን ለመክሰስ አይደለም። ራሴን ለመክሰስ ነው፤ ከፈቀዳችሁልኝ እናንተንም ጨምሬ።

በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አሠራር መሠረት ሠልጣኙ 30 በመቶውን በተቋሙ፣ 70 በመቶውን ደግሞ በትብብር ሥልጠና በድርጅት ውስጥ በተግባር እንዲማር ይጠበቃል። ድርጅት የተባልነው እኛ ነን። ባለፈው ጊዜ አንድ ወጣት ከኮሌጅ ተመድቦ ወደ እኔ ጋራዥ መጣ፤ አራት ወር ቆየ። ሲጨርስ የመከታተያ ደብተሩን አቀረበልኝ፤ «ሞተር ኦቨርሆል፣ ካምቢዮ፣ የኤሌክትሪክ መስመር» የሚለውን ሁሉ ፈረምኩ፣ ማኅተምም አደረግኩ። ልሸኘው ስጨብጠው «ለመሆኑ ምን ተማርክ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሶማሌ ተራን በደንብ አውቄያለሁ» አለኝ፤ የመለዋወጫ ዕቃ ገበያውን ማለቱ ነው።

ሳቃችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔ ሲጋራ አላጨስም። ኩሽኔታ ግዛ፣ ሻይ አምጣ፣ የደንበኛ መኪና እጠብ እያልኩ ግን ያንን ልጅ አራት ወር ሲጋራ ሳስገዛው ኖሬያለሁ።

በየስብሰባችን የምንለው ደግሞ ሌላ ነው። «የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የያዘ ልጅ ኩሽኔታ ማውጣት አያውቅም» እንላለን። አያውቅም፤ እውነት ነው። አንዳንድ ኮሌጅ ውስጥ ያለው ሞተር በማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ባለ ካርቡሬተር ሆኖ፣ ስንት ትውልድ ሲፈታውና ሲገጥመው ጥርሱ እንዳለቀ አይቻለሁ። ለእንግዶቻችን አክብሮት ስል የት እንደሆነ አልናገርም። ግን ሂሳቡን እንሥራ። ከመቶ 70ው የእኛ ድርሻ ከሆነ፣ ልጁ ባዶውን ሲመጣና ባዶውን ሲሄድ ከጥፋቱ ትልቁ ክፍል በማን ደብተር ላይ ይጻፋል?

የዓለም ባንክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ባወጣው የሰው ካፒታል መለኪያ ኢትዮጵያ ያገኘችው 0.38 ነው። ይህ ማለት ዛሬ የሚወለድ ልጅ ሲያድግ፣ የተሟላ ትምህርትና ጤና ቢያገኝ ኖሮ ሊያፈራ ከሚችለው 38 በመቶውን ያህል ብቻ ያፈራል ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ተኩል ሲሊንደር እየሄደ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ጋራዣችሁ ቢገባ ዳገት ይወጣል ብላችሁ ለደንበኛ አታስረክቡም። ከተማችን ግን ዳገት ላይ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነበር፤ ዛሬ ግምቱ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል። ከሚጨመረው ሰው ብዙው እንደ እኔ ባንድ ሻንጣ አውቶብስ ተራ የወረደ ነው። እጁን ይዞ መጥቷል፤ እጁ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ሰው ነው የጠፋው።

ሌላም ያልታጠበ ነውር አለብን። የእጅ ሥራን እንንቃለን። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። አውቶሞቢሉ ተባዛ፤ አዋጁ ግን ገና ልባችን አልገባም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ሰምታችኋል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። «የቀረውስ?» ሲባል መልሱ «ቴክኒክና ሙያ ይግባ» ነው። አነጋገሩን ልብ በሉ፤ ልክ እንደ ቅጣት። እንደዚያ ተብሎ የተላከ ልጅ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ አንገቱን የደፋ ነው። እኔስ ብሆን? ለገዛ ልጄ «ተማር፣ እንደ አባትህ ግሪስ እንዳትነካ» ስል አድጓል። ዛሬ ባንክ ቤት ይሠራል፤ መኪናው ስትቆም ይደውልልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ የምናየውን ሁላችንም እናውቃለን። ቅድም የዘረዘርኳቸውን የጋሼን ቃላት አስታውሱ። ፑንቲና ቀድሞ ሞቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የለውም፤ የስንቶቻችን ኪራይ በዘይትና በፊልትሮ እንደሚከፈል ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ይናገሩ። ካቻቢቴ ተርፋለች።

በምትኩ ያለው ብርቱካንማ ሽፋን የለበሰ ሽቦ ነው። ውስጡ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልፋል። ቤንዚን ስህተትን ያስጠነቅቃል፤ ይሸታል፣ ያንጠባጥባል። ይህ አይሸትም። መኪናው ጠፍቶም ቢሆን የባትሪው መለያያ ሳይነቀል፣ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ሳይጠበቅ እጅ አይገባም። አንድ አባላችን በሳህን ማጠቢያ ጓንት ሊከፍት ሲል ረዳቱ ጮኾ አስቁሞታል። ረዳቱ 20 ዓመቱ ነው፤ በስልኩ ያየውን ቪዲዮ አስታውሶ ነው። የመኪናው ስክሪን ላይ የሚወጣው የቻይንኛ ጽሑፍስ? በስልክ ካሜራ እየተረጎሙ የሚያነቡልን እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ከ40 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስቆይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። የሚደበቅ ምሥጢር የለንም። ጋሼ ዛሬ ቢኖሩ የሲጋራው መልእክተኛ ማን እንደሚሆን እርግጠኛ አይደለሁም።

በሌላ በኩል የቤንዚኖቹ፣ ቪትሷና ዲኤክሷ፣ ነገ አይጠፉም። ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ እያረጁም ሲሄዱ የእኛን ጆሮ ይፈልጋሉ። የኩሽኔታን ድምፅ ከፍሬን ሸራ ድምፅ የሚለይ ጆሮ በቪዲዮ አይገኝም። እኛ ያለን ነገር እነሱ የላቸውም፤ እነሱ ያላቸው እኛ የለንም። በአንድ መኪና ሥር ሁለቱ ካልተገናኙ፣ አሮጌው ሙያ ከእኛ ጋር ይቀበራል፣ አዲሱም ጥቂት ትልልቅ አስመጪዎች ግቢ ውስጥ ይዘጋል።

«አስተምሬ ለሌላ ሰው?» የሚለውን እሰማለሁ። ልክ ናችሁ፣ ይሄዳሉ። በእኔ ቤት ባለፉት ስድስት ዓመታት አሠልጥኛለሁ ከምላቸው 11 ልጆች ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል። አንዱ ዱባይ ነው፣ ሁለቱ የራይድ መኪና ይነዳሉ፣ ሦስቱ ሌላ ጋራዥ ናቸው፤ ሁለቱ ሰበታና ለቡ የራሳቸውን ከፍተዋል፣ ከባድ ካምቢዮ ሲገጥማቸውም ወደ እኔ ይልካሉ። ከዚህ ካምቢዮ ያገኘሁት ገንዘብ ለሥልጠና ካወጣሁት ይበልጣል። ሌላ ጋራዥ የገቡት ሦስቱ ለምን እንደሄዱ ጠይቄ ነበር። ሁለቱ ስለ ደመወዝ ነገሩኝ፤ ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ለውጦ ለሚመጣ ልጅ ቁርስና መመላለሻ የማይሸፍን ክፍያ ከፍለን ታማኝነት መጠየቃችን ራሱ ይገርማል። ሦስተኛዋ ግን ሴት ናት። ቱታ የምትቀይርበት ቦታ አልነበረም። አራት ወር ሙሉ የደንበኛ መኪና ውስጥ ተደብቃ ስትቀይር ቆይታለች፤ እኔም አላስተዋልኩም። ከጎበዞቹ ሁሉ ጎበዟ እሷ ነበረች። አንድ የብሎኬት ክፍልና አንድ በር ስንት ብር እንደሚፈጅ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

እንግዲህ በአጀንዳ ቁጥር 4 ላይ የምትነጋገሩበት ሐሳብ ከዚህ የወጣ ነው። በየግላችን ልንገዛው የማንችለውን የኤሌክትሪክ መኪና መመርመሪያና የመከላከያ ዕቃ በመዋጮ ገዝተን፣ በአንድ አባላችን ግቢ የጋራ የሥልጠና ቦታ እንክፈት ይላል። እዚያ ባለቤቱም ሠልጣኙም አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያልተሠራ ሥራ በመከታተያ ደብተር ላይ የሚፈርም አባል ቅጣት ይከፍላል፤ የመጀመሪያውን ቅጣት ስለ ሶማሌ ተራው ልጅ እኔ ከፍዬ ደረሰኙን ይዣለሁ። ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ፣ በተለይ ስለ መዋጮው። ይነሳ።

ለቢሮና ለኮሌጅ እንግዶቻችን የምለው አጭር ነው። የብቃት ምዘናው ልጁ በትናንት ሞተር ላይ እንዲመዘን ካደረገ እኛ የነገውን ብናስተምር ማን ይሰማናል? አሠልጣኞቻችሁንም ላኩልን፤ በሳምንት አንድ ቀን ቱታ ለብሰው ከእኛ ጋር ይዋሉ። ዕቃ አናሳጥባቸውም።

ከምሳ በፊት በግቢው ጀርባ አንድ አባላችን ባዋሰን የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር እንዴት በደኅና እንደሚቋረጥ ማሳያ ይኖራል። የምታሳየን የደረጃ 4 ሠልጣኝ ናት። ከቢጫው ገመድ ወዲያ ማንም እንዳያልፍ፤ ጓንቱን እንዳትነኩ፤ «ጠብቁ» ስትል ጠብቁ። በማሳያው ሰዓት ደግሞ ማንም አባል ይዞት የመጣውን ልጅ ዕቃ ግዛ ብሎ እንዳይልክ በሊቀመንበርነቴ አሳስባለሁ።

ኦዲተራችን ሪፖርታቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።