ጦም ያደረ መሬት

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ የምቀዳው አራት ኪሎ፣ ከቤቴ ሆኜ ነው። መስኮቱን አልዘጋሁትም። የሚጮኸው ቁራ ነው፣ ቻሉት፤ እኔ ሳልከራይ በፊትም እዚሁ ነበር።

ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ ሥራዬ ወፍ መጠበቅ ነበር። ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ እወነጭፋለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮኻለሁ። ድንቢጡ ብር ይልና እዚያው ተመልሶ ያርፋል። አንድም ቀን መትቼ አላውቅም። አባዬ ይህን ገና አሁን መስማቱ ነው።

እና ሰው እርሻውን ለወፍ ተወ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው።

ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ሳሴክስ ውስጥ ነው። ኔፕ ይባላል፣ 1,400 ሄክታር ገደማ። አፈሩ እንደኛ ዋልካ ነው፤ ሲዘንብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ባለቤቶቹ ኪሳራው ሲበዛባቸው በፈረንጆቹ 2000 የወተት ላሞቹን ሸጡ። ከዚያ ማሳውን በየተራ ማረስ አቆሙ። የውስጡን አጥር አንስተው ከብት፣ ፈረስና አሳማ ለቀቁበት። ከብቱ ይግጣል፣ ቁጥቋጦ ይሰባብራል። አሳማው አፈሩን ይገለብጣል። ጫካም ሜዳም ያልሆነ ዝብርቅርቅ ቦታ ሆነ። ወፍ ደግሞ እሱን ነው የሚወደው፤ እሾሁ ውስጥ ጎጆ፣ ከሥሩ የአረም ዘር። አገሩ ላይ እየጠፋ የነበረው ዋኖስ እዚያ ማንጎራጎር ያዘ። ሽመላውን ግን ሰው ነው አምጥቶ የለቀቀው። በ2020 ጫጩት ፈለፈለ፣ ብሪታንያ ውስጥ ከ600 ዓመት ገደማ በኋላ።

አባዬ ለምርመራ መጥቶ እኔ ጋ ነው ያለው። ነገርኩት። “ታዲያ መሬቱ ጦሙን አደረ በለኛ!” አለኝ።

በኛ ቋንቋ ያልታረሰ መሬት ጦሙን ያደረ ነው። ስድብም አለበት፣ ሰነፍ ገበሬ ማለት ነው። ደግሞ እውነቱን ነው። 2 ጥማድ መሬት ያለው ሰው ለዋኖስ ልተው ቢል ልጆቹ ምን ይበላሉ? የኔፕን ወሬ ይዞ ገበሬ ሊመክር የሚሄድ ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ወር ማማ ላይ ይዋል።

አባዬ ግን ወሬውን አልጨረሰም። ከማሳችን በላይ ቦረቦር የበላው ተዳፋት አለ። ድሮ ይታረስ ነበር፣ የተዘራበትን ዘር እንኳ አይመልስም። ከንክኪ ነፃ ከተባለ ዓመታት አለፉ። ከብት አይገባም፤ ሣሩን በማጭድ አጭደው ነው የሚያወጡት። ሣሩ ቀደመ፣ ክትክታው ተከተለ፣ አሁን ወይራ ብቅ ብሏል።

“ወይራውን ማን ተከለው?” አልኩት።

“ማንም።”

ወፍ ናት። ከደብሩ ቅጥር ፍሬውን ትበላለች፣ ዘሩን ተዳፋቱ ላይ ትጥላለች። ድንቢጧ አይደለችም፣ እሷን ገና ይቅር አላልኳትም።

ጠዋት ጠዋት ቆቅ ይጮኽበታል አለኝ።

ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ እጁን እያወዛወዘ ነው። ምን አልክ አባዬ? ጅግራም አለ ይላል። እሺ፣ ጅግራም አለ።