ችግኙን ከመትከላችን በፊት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ክረምቱ ገብቷል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ችግኙም መጥቷል። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለቆመው ደን ነው።

በደቡብ ጎንደር ጽዱ፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ ተሰብስቦ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ሌላው እርሻና ግጦሽ ሆኗል። በገበሬው አልፈርድም። ቤተሰብ ሲበዛ መሬት ይጠባል፤ እንጀራም ያለ ማገዶ አይጋገርም።

ዋጋውን ግን እየከፈልን ነው። ዛፍ ባለበት ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ምንጩን በበጋ የሚያፈሰው ይሄ ውሃ ነው። መሬቱ ሲራቆት ግን ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ጉማራና ርብ ክረምት ክረምት ደፍርሰው ጣና የሚገቡት ለዚህ ነው። የማዳበሪያን ዋጋ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አየሩም አለ። የደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ሲቃጠል ወደ ሰማይ ይወጣና ሙቀት ያፍናል። እርግጥ ዓለምን በዋናነት ያሞቀው የሀብታሞቹ አገሮች ከሰልና ነዳጅ እንጂ የእኛ ምድጃ አይደለም። ቢሆንም ደን ጥላ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ውሃ እያተነነ አካባቢውን ያቀዘቅዛል። እሱ ሲጠፋ ፀሐዩ የሚበረታው እዚሁ እኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር መርምረው ነበር። አብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች አፈር ውስጥ ዘር አያከማቹም። ደኑ አንዴ ከተመነጠረ፣ መሬቱን ብንተወውም የሚበቅለው በአብዛኛው ሣርና አረም ነው። ዘር የሚሰጡን የቆሙት ዛፎች ናቸው። የችግኝ ጣቢያውም ዘሩን የሚለቅመው ከእነሱ ነው!

ባህር ዛፍስ? ለማገዶም ለቤት መሥሪያም ባለውለታችን ነው፤ በየጓሮው ይተከል። ደኑ ውስጥ ግን አይግባብን።

ደኑን የሚጨርሰው መጥረቢያ ብቻ መስሎን ከብቱን ረስተነዋል። ገብቶ ቡቃያውን ይበላል፣ የተረፈውን ይረግጣል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለም። አንዳንድ አድባራት መላ አግኝተዋል፤ ከማሳ የተለቀመውን ድንጋይ ክበው ደኑን አጠሩት። ገበሬውም ማሳው ጸዳለት።

እኛም እንካብ። ካቡ ከደኑ ጠርዝ ትንሽ ራቅ ይበል፤ ቡቃያው የሚሰፋበት ቦታ ያግኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ከየደብሩ ሁለት ሁለት ሰው ይቆይልን፤ በየትኛው እንደምንጀምር እዚሁ እንነጋገራለን።