የእጃችሁን ልክ ሳትወስዱ ማውስ አትግዙ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ስለ ሥራ ቦታ ጤና እንድናገር ስጠየቅ ላነሳቸው የምችላቸው ጉዳዮች ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከመዳፋችን ስለማይለየው ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ማውስ ለመናገር መረጥኩ። ምክንያቴን ላስቀድም።

የምተዳደረው መጽሐፍ በኮምፒውተር በማቀናበር ነው። ገጽ አደራጃለሁ፣ ሥዕሎችን ቦታ ቦታቸውን አስይዛለሁ፣ የተዛነፈ መስመር አቃናለሁ። በዚህ ሥራ ከመጻፍ ይልቅ መጎተት ይበዛል፤ የማውሱን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሥዕልን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መውሰድ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። አንድ ሌሊት ስነቃ ቀኝ እጄ የእኔ አልመስል አለኝ። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሐል ጣቴ ደንዝዘዋል፤ ትንሿ ጣቴ ግን ደህና ነበረች። እጄን አራግፌ ተመልሼ ተኛሁ። በማግስቱም ሌሊት እንደዚያው ሆነ። “ተኝቼበት ነው” ብዬ ራሴን እያታለልኩ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት የያዝኩት ብርጭቆ አምልጦኝ ተሰበረ። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። ስለ መዘግየቴ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል፤ ከእናንተ መካከል እጁን በሌሊት የሚያራግፍ ሰው ካለ እንደ እኔ እንዳይዘገይ እለምነዋለሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ “ትንሿ ጣትዎ ደንዝዛ ታውቃለች?” ብለው ነው። ጥያቄው ያን ጊዜ ግራ አጋብቶኝ ነበር። በኋላ እንዳስረዱኝ፣ በእጃችን አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ካርፓል ተነል ይሉታል። ወለሉንና ግድግዳውን የሚሠሩት ስምንቱ ትንንሽ የአንጓ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያው ደግሞ እንደ መቀነት የተወጠረ ወፍራም ጅማት ነው። በዚህ መተላለፊያ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፋሉ። ነርቩ ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጥ ነው። ትንሿ ጣት የምትታዘዘው በክርን በኩል ዞሮ ለሚመጣ ለሌላ ነርቭ ነው፤ የጥያቄው ምስጢር ይህ ነበር። መተላለፊያው ውስጥ እብጠት ሲኖር አጥንቱ አይለጠጥም፣ መቀነቱም ቦታ አይለቅም። የሚጨፈለቀው ነርቩ ይሆናል።

አንጓ ወደ ላይ ሲቀለበስ ወይም ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሲጣመም በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ግፊት ማውስ በያዙ ሰዎች አንጓ ውስጥ ለክቷል። እጅ ማውሱ ላይ ዝም ብሎ ካረፈበት ጊዜ ይልቅ ሲጎትት ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ደርሷል። ነርቭ ይህን ያህል ግፊት ለረጅም ጊዜ ከተሸከመ ሥራው ይታወካል። ይህን ሳነብ ጎትቼ ያስቀመጥኳቸው ሥዕሎች ሁሉ በዓይኔ ላይ ድቅን አሉ።

የእጅ ሕመም ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ነርቡ ይጎዳል ማለትም አይደለም፤ እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የመገጣጠሚያ ብግነትም ለዚሁ ችግር ያጋልጣሉ። ብዙዎቻችንን የሚያመን ደግሞ ነርቩ ሳይሆን የክንዳችን ጡንቻና ጅማት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው። እኔ የምናገረው ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት በእጃችን ስላለው ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫዬ ስህተት ነበር። ሕመሙን ባወቅሁ ሳምንት ገበያ ወጥቼ ካርቶኑ ላይ “ኤርጎኖሚክ”፣ ማለትም ለሰውነት የሚስማማ፣ ተብሎ የተጻፈበትን፣ በጎኑ የሚቆመውን ቨርቲካል ማውስ ገዛሁ። ውድ ነበር፤ መልኩም ያምር ነበር። ነገር ግን የተሠራው ከእኔ በጣም ለሚበልጥ እጅ ነው። መንኮራኩሩ ጋ ለመድረስ ጣቴን መዘርጋት፣ እንዳያመልጠኝም በአውራ ጣቴ አጥብቄ መቆንጠጥ ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአውራ ጣቴ ሥር ማመም ጀመረ። በአንድ ሕመም ላይ ሌላ ጨመርኩ። ያ ቃል ካርቶኑ ላይ መታተሙ የእኔ እጅ ተለክቷል ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልብስ ስናሰፋ ልክ እንሰጣለን፣ ጫማ ስንገዛ እግራችንን አስገብተን እንሞክራለን። በቀን ስምንት ሰዓት የምንይዘውን ዕቃ ግን በመልኩ እንገዛለን።

ስለዚህ እጃችሁን ለኩ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ከአንጓው መታጠፊያ መስመር እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት በማስመሪያ ውሰዱ፤ ቀጥሎ ከአውራ ጣት በስተቀር የአራቱን ጣቶች ሥር ስፋት ለኩ። አከፋፈሉ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ በግምት ግን ከ17 ሴንቲ ሜትር ያነሰ እጅ ትንሽ፣ ከ19 ወይም ከ20 የበለጠ ትልቅ፣ በመካከል ያለው መካከለኛ ይባላል። ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው። ከቁጥሩ የሚበልጠው ፈተና አሁን እዚሁ የምንሞክረው ነው፤ እስቲ አብረን እናድርገው።

ቀኝ እጃችሁን በጎናችሁ አንጠልጥሉት። ምንም አታድርጉ፣ ይረፍ። ጣቶቻችሁን ተመልከቱ፤ በመጠኑ ታጥፈዋል፣ መዳፋችሁም ወደ ጭናችሁ ዞሯል። ይህ እጅ ሥራ ሲፈታ የሚይዘው ቅርጽ ነው። አሁን ቅርጹን ሳትቀይሩ ክርናችሁን ብቻ አጥፋችሁ እጃችሁን ወደ ፊት አምጡት። ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ ይመስላል። ጥሩ ማውስ ይህን ቅርጽ ብዙ ሳይለውጥ የሚቀበል ነው። ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሳይዘረጉና ሳይኮማተሩ ቁልፎቹ ላይ ያርፋሉ፣ አውራ ጣት ሳይቆነጥጥ ይደገፋል፣ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣትም ጠረጴዛው ላይ አይፈተጉም።

እጃችሁን ሳታወርዱ መዳፋችሁን ወደ መሬት አዙሩ። ከክርናችሁ በታች የመጠምዘዝ ስሜት ይሰማችኋል። ከሁለቱ የክንድ አጥንቶች አንደኛው በሌላው ላይ ተሻግሯል። ጠፍጣፋ ማውስ ቀኑን ሙሉ የሚጠይቀን ይህን ነው። በጎኑ የሚቆም ወይም ያዘመመ ማውስ የተፈለሰፈውም ጥምዘዛውን ለመቀነስ ነው፤ ክንዳቸው ለሚያማቸው ሰዎች መጀመሪያ የምመክረውም እሱን ነው። ፈጽሞ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን ለትክክለኛ ጠቅታ አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል፣ በመጠኑ ያዘመመው ለመልመድ ይቀላል። ለአዲስ ማውስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስጡት። መጀመሪያ ላይ ሥራ መንቀርፈፉ ያለ ነው፤ አዲስ ሕመም መምጣቱ ግን የመልመድ ምልክት አይደለም፣ ያን ጊዜ ተዉት።

ሻጭ የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የካርፓል ተነል ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ቨርቲካል ማውስን ሞክሮ፣ የአንጓው አቀማመጥ እንደተለወጠ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ግን እንዳልቀነሰ አግኝቷል። ነርቡ የተጎዳ ሰው ማውስ ቀይሮ ብቻ እድናለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ ይህን መሰወር አልፈልግም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 የተደረገ የጥናቶች ግምገማ፣ የተለየ ማውስ ከክንድ ድጋፍ ጋር ሲጣመር የአንገትና የትከሻን ሕመም ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። አንገትና ትከሻ መነሳታቸው ሊገርማችሁ ይችላል። እኔን ግን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ያደርሰኛል፤ እሱም ማውሱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ነገ ጠዋት ቢሯችሁ ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠረጴዛችሁን ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱት። የብዙዎቻችን ኪቦርድ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች አሉት። ማውሱ ከእነዚያ ወዲያ ነው የሚቀመጠው። የምንጽፈው በፊደሎቹ ስለሆነ ሰውነታችን ከፊደሎቹ ፊት ለፊት ይሆናል፤ ማውሱን ለመያዝ ክንዳችን ወደ ውጭና ወደ ፊት ይዘረጋል። ያንን የተዘረጋ ክንድ ሙሉ ቀን ተሸክሞ የሚውለው ትከሻ ነው። ስንት ሰው የአንገቱን ሕመም በትራሱ ሲያመካኝ ሰምቻለሁ! ቁጥር ብዙ የማትጽፉ ከሆነ የቁጥር ቁልፍ የሌለውን አጭር ኪቦርድ ውሰዱ። የሒሳብ ሠራተኞች የቁጥር ቁልፎቹን ለብቻቸው ገዝተው በግራ በኩል ማስቀመጥ ይችላሉ። ክርናችሁ ከጎናችሁ ሳይርቅ እጃችሁ የሚደርስበት፣ ከኪቦርዱ ጋር እኩል ከፍታ ያለው ቦታ የማውሱ ቦታ ነው። ርካሽ ማውስ በዚህ ቦታ ከሚቀመጥና ውድ ማውስ ከጠረጴዛው ጥግ ከሚቀመጥ የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ያለ ማመንታት ርካሹን እመርጣለሁ።

ከዚህ ሌላ ትራክቦል አለ። ማውሱ ባለበት ይቆማል፣ የሚሽከረከረው ኳሱ ብቻ ነው፤ ትከሻቸው ለሚያማቸውና ጠረጴዛቸው ለጠበበ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በአውራ ጣት የሚሽከረከረው ዓይነት ሥራውን ሁሉ በአንድ ጣት ላይ ይጭናል። አውራ ጣታችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ኳሱ መሐል ላይ ሆኖ በሌሎች ጣቶች የሚንቀሳቀሰውን ምረጡ። ግራኝ የሆናችሁ ባልደረቦቼ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ኤርጎኖሚክ ከሚባሉት ብዙዎቹ ለቀኝ እጅ ብቻ የተቀረጹ ናቸው።

ገመድ አልባ ቢሆን ገመዱ እየተጎተተ አያስቸግራችሁም፤ ከዚያ የዘለለ ልዩነት አላየሁበትም። የጠቋሚውን ፍጥነት ማስተካከል ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ እጅ በመጠኑ ተንቀሳቅሶ ጠቋሚው ስክሪኑን እንዲያቋርጥ አድርጉት። ከልክ በላይ ካፈጠናችሁት ግን ትንንሽ ነገር ላይ ለማነጣጠር ጣታችሁ ይወጠራል። ስታንቀሳቅሱ ከክርን ተነሡ፤ አንጓውን ጠረጴዛው ላይ ተክላችሁ ግራና ቀኝ አታወዛውዙት። ለስላሳው የአንጓ ትራስም ለእረፍት እንጂ ለሥራ አይደለም፤ እየሠራን ስንደገፍበት የሚጫነው ያንኑ ጠባብ መተላለፊያ ነው።

ማውስ አዲስ ዕቃ ነው። ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ከእንጨት የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የጸሐፊ እጅ ሕመም ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ጸሐፊዎች ሲጽፍ ሕመማቸውን ያመጡት ሳይነሱ መቀመጥ፣ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስና የአእምሮ ጭንቀት ናቸው ብሏል። አንድ የሚያውቀውን ውል ጸሐፊም ያነሳል። ሰውዬው ቀኝ እጁ አልታዘዝ ሲለው በግራ እጁ መጻፍ ተማረ። ጥቂት ቆይቶ ግራ እጁም በዚያው ሕመም ተያዘ።

ያንን ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እጁን ለወጠ፣ ሥራውን ግን አልለወጠም። እኔም ማውስ ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ መጨረሻዬ እንደ እሱ ይሆን ነበር ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ እጄ በሌሊት አይቀሰቅሰኝም። ለዚህ ያበቃኝ ለእጄ ልክ የሆነው ማውስ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ሌሊት አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አዘዙልኝ። በመጎተት እሠራው የነበረውን ሥራ ግማሹን በኪቦርድ አቋራጭ ቁልፎች መሥራት ተማርኩ። ሁለት ዓይነት ማውስ አሉኝ፣ ጠዋት በአንዱ ከሰዓት በኋላ በሌላው እሠራለሁ። በየግማሽ ሰዓቱም እጄን አንሥቼ፣ ቅድም እንዳደረግነው በጎኔ አንጠለጥለዋለሁ።

ዕቃ ለመግዛት ኃላፊነት ያለባችሁ የሥራ መሪዎች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ማውስ በጅምላ አትግዙ። ለሁሉም አንድ ቁጥር ጫማ እንደ መግዛት ነው። ሦስት አራት ዓይነት ናሙና አስመጡ፣ ሠራተኛው ለአንድ ሳምንት ይሞክር፣ ከዚያ የመረጠውን ግዙለት። “እጄ ደነዘዘ” ብሎ ለሚመጣ ሰውም ሥራ ጠልቶ ነው አትበሉት። እኔ ያን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት እንዲህ እባላለሁ ብዬ ነበር።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሰባት ማውሶች አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱ ለትንሽ እጅ፣ ሁለቱ ለትልቅ እጅ፣ አንዱ ለግራኝ፣ ሁለቱ ትራክቦል ናቸው። ማስመሪያም አለ። እኔም እዚያው እቆያለሁ፤ ስትወጡ ኑና እጃችሁን ለኩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።