የኦቦ ኦክታቭ ቁልፍ፦ ምርጫው የማን ይሁን?

የተከበራችሁ የመሣሪያ ሠሪዎች፣ ጠጋኞችና ተጫዋቾች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው በኦቦ፣ ማለትም በሸምበቆ በሚነፋው የእንጨት መሣሪያ ላይ ስላሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ስፋታቸው 1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የኦቦ ላይኛው ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ኖታዎች ከፍ ብለው የሚደገሙበት ክልል ግን በአብዛኛው የእነሱ ጥገኛ ነው።

የኦቦ ቱቦ ከሸምበቆው ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ድምፁ ሲዘል በኦክታቭ ይዘላል። ዝላዩን የምናግዘው ትንሽ ቀዳዳ በመክፈት ነው። ቀዳዳው የታችኛውን ድምፅ ያዳክመዋል። የላይኛውን እንዳይነካው ደግሞ በዚያ ድምፅ ጊዜ የአየሩ ግፊት በማይወዛወዝበት ነጥብ ላይ መበሳት አለበት። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፤ ይህ ነጥብ በየኖታው ይለያያል። ለየኖታው አንድ አንድ ቀዳዳ እንብሳ ብንል ያን ሁሉ ቁልፍ የሚችል እጅ የለም።

ስለዚህ ማቻቻል የግድ ሆነ። ዶ ሻርፕ፣ ሬ እና ሚ ፍላት የጠቋሚ ጣትን ቀዳዳ በግማሽ በመክፈት ይወጣሉ። ከሚ እስከ ሶል ሻርፕ ያሉትን አንደኛው ቀዳዳ፣ ከላ እስከ ዶ ያሉትን ሁለተኛው ይይዛቸዋል። አንድ ቀዳዳ አራት አምስት ኖታ ያገለግላል ማለት ነው። ቦታው የማይስማማቸው ኖታዎች ወደ ላይ ይሾላሉ። ቀዳዳው ሰፋ ካለ መሾሉ ይብሳል። ከጠበበ ደግሞ ኖታው አልነሳም ይላል፤ አንዲት የውሃ ጠብታም ትደፍነዋለች። ኮንሰርት መሃል ውሃ የገባበት ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል።

ቀዳዳዎቹን ማን ይምረጥ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሙሉ አውቶማቲክ በሚባለው የቁልፍ አሠራር አውራ ጣት አንዱን ቁልፍ ይጫናል፤ የትኛው ቀዳዳ እንደሚከፈት የሚወስነው የግራ እጅ ቀለበት ጣት ነው። ሶል ሻርፕን ከላ ጋር ለማያያዝ በጣም ይመቻል፤ ይህን አልክድም። ግን እርስ በርስ የሚገፋፉ ሞላዎችና ማንሻዎች ይበዙበታል። አንዷ ብሎን ከላላች ኦክታቩ በሙሉ ይታወካል። በጣም ከፍ ባሉት ኖታዎች ላይ ደግሞ ተጫዋቹ የፈለገውን ቀዳዳ ሳይሆን መሣሪያው የመረጠለትን ያገኛል።

ከፊል አውቶማቲኩ ያነሰ ይረዳል። ሁለተኛውን ቀዳዳ የሚከፍተውን የጎን ቁልፍ ስንጫን አንደኛውን ቀዳዳ ይዘጋልናል፣ አውራ ጣታችን ባይነሳም። ከዚያ ውጭ ምርጫው የእኛ ነው። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው። ኦቦ ተጫዋች እያንዳንዱን ኖታ በከንፈሩና በትንፋሹ ሲያስተካክል የሚውል ሰው ነው፤ የቀዳዳውንም ምርጫ ልንነጥቀው አይገባም።

ሠሪዎች፣ የቀዳዳውን ቱቦ ወጥቶ የሚጸዳ አድርጉልን። ጠጋኞች፣ መሣሪያውን ከመመለሳችሁ በፊት ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭናችሁ ላን ንፉ። አንደኛው ቀዳዳ በደንብ ካልተዘጋ እዚያው ይታወቃል።

አመሰግናለሁ።