«ወጣት ጥሩልን» ሰነዱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ግብዣ

ሜሪ፦ እሺ ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ከሳሚ ጋር የምናወራው ስለ ወጣቶች ፖሊሲ ነው፣ ቆይ እንዳትዘጉት ብቻ (ሳቅ)። ስሙ እንቅልፍ ያመጣል አውቃለሁ፣ ግን ጥያቄው ቀላል ነው፤ ለወጣት ተብሎ በሚሰራ ነገር ላይ ወጣቱ የሚጠየቀው መቼ ነው?

ሳሚ፦ መቼ ስትይ አንድ ታሪክ አለችኝ። ሀያ አንድ አመቴ አካባቢ የሆነ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ ለወጣቶች ስትራቴጂ ግብአት ስጡ ተብለን ተጠራን። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ሀሳብ ስጽፍ አደርኩ። ጠዋት ስንገባ ቲሸርት ሰጡን፣ ፊት ለፊት አስቀመጡን፣ ከዛ ሰነዱን አደሉን። ታትሟል'ኮ! ሽፋን አለው፣ መቅድም አለው፣ ተጠርዟል።

ሜሪ፦ ታዲያ ግብአቱን የት ልትጽፍላቸው ነው፣ ህዳጉ ላይ?

ሳሚ፦ ህዳጉ ላይ! (ሳቅ) እኔ ሞኙ ደግሞ እጄን አወጣሁ። መድረክ መሪው «በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ይያዝ» አለ። ማን እንደያዘው እግዜር ይወቀው። ስንወጣ ስምና ስልክ አስጻፉንና «የደረሰበትን እናሳውቃችኋለን» ተባልን፣ አለቀ።

ሜሪ፦ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ አይነት ነዋ። ለዚህ ነገር'ኮ ስም ወጥቶለታል። ሮጀር ሃርት የሚባል ሰውዬ በፈረንጆቹ 1992 ለዩኒሴፍ የጻፈው የተሳትፎ መሰላል አለ፣ 8 ደረጃ ያለው፣ መሰላሉን ራሱ ሼሪ አርንስታይን በ1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ ከጻፈችው ነው የወሰደው። ከታች ያሉትን 3ቱን፣ ማለትም መጠቀሚያ መሆን፣ ማስጌጫ መሆንና ለይስሙላ መጠራት፣ ጭራሽ ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም። እና ለማስጌጫ የሰጠው ምሳሌ ምን መሰለህ? ቲሸርት!

ሳሚ፦ አትዪኝም!

ሜሪ፦ ሙት! ልጆች የሆነ አላማ የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰው ይዘፍናሉ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ግን ብዙም አያውቁም፣ ይላል።

ሳሚ፦ አበባ ማስቀመጫ ነበርኩ ማለት ነው። ቆይ ከላይስ ጫፉ ላይ ያለው ምንድነው፣ ወጣቶቹ ብቻቸውን የሚወስኑበት?

ሜሪ፦ እኔንም የገረመኝ እሱ ነው፣ እሱ 7ኛ ነው። 8ኛው ሀሳቡን ወጣቶቹ አምጥተው ውሳኔውን ከትልልቆቹ ጋር የሚጋሩበት ነው።

ሳሚ፦ ይሄ ለኔ ልክ ነው። ምክንያቱም በጀቱ፣ ማህተሙ፣ ሰራተኛው ሁሉ ትልልቆቹ ጋ ነው፣ እኛን ለብቻችን አንድ ክፍል ዘግተው «በሉ ወስኑ» ቢሉን የወሰንነውን ማን ሊፈጽመው ነው? ግን ሜሪዬ እውነቱን እናውራ፣ የ17 አመት ልጅ ስለ ፖሊሲ ምን ያውቃል? ይሄን የሚሉ ሰዎችን ሙሉ ለሙሉ ልወቅሳቸው አልችልም።

ሜሪ፦ ህግ አርቅቅ ማን አለው? ክሊኒክ እንውሰድ። «ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት» ተብሎ ክፍል ተለየ፣ ቀለም ተቀባ፣ ነርሶች ሰለጠኑ፣ ማንም አልመጣም። ባለሙያው «ግንዛቤ የለም» ብሎ ፖስተር ይጨምራል። ልጅቷን ብትጠይቃት ግን፣ የሚከፍቱት እኔ ክላስ ባለሁበት ሰአት ነው፣ መዝገብ ክፍሏ ደግሞ ለምን እንደመጣሁ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ ትጠይቀኛለች፣ ወረፋው ላይ የእናቴ ጓደኛ ቁጭ ብላለች፣ ትልሃለች። ይሄንን የትኛውም ኤክስፐርት ቢሮው ተቀምጦ አያገኘውም፣ ማስተካከያው ደግሞ ሰአት መቀየርና አንድ በር መዝጋት ሊሆን ይችላል።

ሳሚ፦ እሺ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ግን የትኛዋ ልጅ ናት የምትጠየቀው? ሁሌ የሚጠሩት እነዛው አይደሉ እንዴ፣ አፍ ያላቸው፣ ማይክ የለመዱ፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ አንዱ የሚዞሩ። ሰው ቤት የምትሰራዋ፣ ትምህርት ያቋረጠው፣ ልጅ የያዘችው፣ መስማት የተሳነው... እነዚህ የሉም። አንድ ቀን ስብሰባ መዋል ማለት የዛን ቀን ገቢ ማጣት ነው'ኮ፣ ትራንስፖርት እንኳን ካልተከፈለ ማን ይመጣል።

ሜሪ፦ እድሜውም አለ። ወጣት ማነው ስትል ተመድ ለስታትስቲክስ 15 እስከ 24 ይላል፣ በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር 15 እስከ 35፣ በ2015 የጸደቀው ስለ ወጣቶችና ሰላም የሚያወራው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2250 ደግሞ 18 እስከ 29። ስለዚህ የ34 አመት ባለትዳር ለ16 አመት ልጅ ወክሎ ሊናገር ይችላል፣ በወረቀት ደረጃ ችግር የለውም!

ሳሚ፦ (ሳቅ) «እኛ ወጣቶች» እያለ ጸጉሩ ሸብቶ። በደንብ የተሰራ ቦታ የለም ግን?

ሜሪ፦ አለ እንጂ። አሜሪካ ያለችው ቦስተን ከተማ በፈረንጆቹ 2014 ከካፒታል በጀቷ 1 ሚሊዮን ዶላር ለይታ ምን ላይ እንደሚውል ወጣቶች ይወስኑ አለች፣ ድምጽ መስጠት የሚችለው ደግሞ ከ12 እስከ 25 አመት ያለ ነበር። ሀሳብ አሰባሰቡ፣ ወጣቶቹ ከከተማው ባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብለው የትኛው ይቻላል ስንት ያስወጣል አሉ፣ ከዛ ድምጽ ተሰጠ። ለትምህርት ቤት ላፕቶፕ፣ የመጫወቻ ቦታ እድሳት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው የመረጡት። 12 አመት ልጅ ገንዘብ ካየ ከረሜላ ይገዛበታል ለሚል ሰው... በቃ።

ሳሚ፦ ልዩነቱ'ኮ ብሩ አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ነው። እኛን ጠርተው ያስቀመጡልን ውሃ ብቻ ነበር።

ሜሪ፦ የህጻናት መብት ምሁሯ ሎራ ላንዲ በፈረንጆቹ 2007 ያለችው ነገር እዚህ ጋ ይገባል። ልጆች በሚመለከታቸው ነገር ሀሳባቸው ይሰማ ከሚለው የህጻናት መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ተነስታ፣ ድምጽ ብቻ አይበቃም ትላለች፣ 4 ነገር ነው የሚያስፈልገው፣ የሚናገሩበት ቦታ፣ ድምጹ፣ የሚሰማ ሰው፣ እና ተጽእኖ። መድረክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሽ ናቸው። የሚሰማው ሰውዬ ግን መክፈቻ ንግግር አድርጎ «ሌላ ስብሰባ አለኝ» ብሎ ወጥቷል።

ሳሚ፦ አቤት እውነት! ሻይ እረፍት ሳይደርስ።

ሜሪ፦ እኔ ደግሞ አራተኛው ላይ አጥብቄ የምለው፣ ሀሳቡን ባትቀበለው እንኳን ተመልሰህ ንገረኝ፣ «ይሄን ወሰድን፣ ያንን አልወሰድንም፣ በዚህ በዚህ ምክንያት» በል። አይሆንም መባል ያናድዳል፣ ዝም መባል ግን ሁለተኛ እንዳትመጣ ያደርግሃል።

ሳሚ፦ እኔ ያቺን ወረቀት ነው የማስበው፣ ስልካችንን የጻፍንባትን። ቁጥሬን እስካሁን አልቀየርኩም'ኮ።

ሜሪ፦ አልደወሉም?

ሳሚ፦ አንዴ ደውለዋል። ለሚቀጥለው አመት መድረክ ቲሸርት ሳይዝህ ስንት ነው ብለው።