ቶማስ ያልነበረበት እሁድ

አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከአምናው ጉባኤ ለዘንድሮው ያደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ፣ የሒሳቡንም ገንዘብ ያዧ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ጉባኤውን ከመክፈቴ በፊት የምናገረው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ እዚህ ስላልመጣው ሰው።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን ታስታውሳላችሁ። የትንሣኤው ዕለት ማታ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው፣ በር ዘግተው ተሰብስበዋል። ጌታ መጥቶ በመካከላቸው ቆመ። «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አላቸው፤ እጁንና ጎኑን አሳያቸው። ደስታቸውን አስቡት። ከዚያ ቁጥር 24 ላይ ወንጌላዊው አንዲት አጭር ነገር ጣል ያደርጋል። ቶማስ በዚያ ጊዜ ከእነሱ ጋር አልነበረም።

የት ሄዶ ነበር? አልተጻፈም። እኛ «ተጠራጣሪው» የሚል ስም አውጥተንለት አልፈናል። ግን ይሄ ሰው እኮ ጌታ ወደ ይሁዳ ልመለስ ሲል፣ ሌሎቹ «ሊወግሩህ ይፈልጉ ነበር» እያሉ ሲፈሩ፣ «እኛም ከእሱ ጋር እንድንሞት እንሂድ» ያለው ነው። ፍቅሩ የቀዘቀዘ ሰው አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ሐዘኑ በጣም ከብዶት ነው የቀረው። ሲያዝን ሰው የሚፈልግ አለ፣ ሲያዝን ከሰው የሚሸሽ ደግሞ አለ፤ በየጉባኤያችን ሁለቱም ዓይነት ሰዎች አሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ግን ስለምናያቸው እናጽናናቸዋለን፣ ሁለተኛዎቹን ስለማናያቸው «ጠፋ» ብለን እንተዋቸዋለን።

አሥሩ ግን አልተዉትም። ሄደው «ጌታን አየነው» አሉት። እሱ ደግሞ «ካላየሁ፣ ካልዳሰስኩ አላምንም» አለ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከስምንት ቀን በኋላ ቶማስ የት ነው ያለው? ከእነሱ ጋር፣ እዚያው ቤት ውስጥ። ገና አላመነም! የማያምን ሰው ከሚያምኑት መካከል ተቀምጧል፣ «መጀመሪያ እመንና ከዚያ ና» ያለው የለም። ጌታም ቢሆን በእነዚያ ቀናት ቶማስን ለብቻው ባለበት ሊያገኘው ይችል ነበር። አላደረገውም። የመጣው ቶማስ ከወንድሞቹ ጋር ሲሆን ነው። «ጌታዬ አምላኬም» የሚለው ቃል የተሰማውም ቀርቶ ከነበረው ሰው አፍ ነው።

ይሄን ታሪክ የምወደው ስለሚነካኝ ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ስምንት ወር ያህል ከጉባኤ ቀርቼ ነበር። አብሬው ከማገለግል ሰው ጋር ተጋጨን፣ የተናገረኝ ቃል ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፣ ሌሎቹም ከእሱ ጋር የወገኑ መሰለኝ። የመጀመሪያው እሁድ ስቀር ከበደኝ። ሁለተኛው ቀለል አለኝ። አምስተኛው ላይ ምንም አልተሰማኝም። ዛሬ ሳስበው በጣም የሚያስፈራኝ ያ አምስተኛው እሁድ ነው።

«እቤቴ እጸልያለሁ» እል ነበር፣ ደግሞም እጸልይ ነበር። ግን ቀስ እያለ ጸሎቴ ሁሉ ስለ ራሴ ሆነ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ተበደልኩት በደል። አጠገቤ የሚያለቅስ ሰው ስለሌለ ስለ ማንም ማልቀስ ተውኩ። የማልወደው መዝሙር ስለማይዘመር የምወደውን ብቻ ሰማሁ። ማንም ስለማይጠይቀኝ መጽሐፍ ቅዱሴ ሳይገለጥ ሳምንታት አለፉ። እምነቴን አልካድኩም። ዝም ብሎ እየሳሳ ሄደ፣ ብዙ እንደተለበሰ ልብስ።

አንድ ቀን ማታ ስልኬ ጠራ። ከሰላምታ በላይ የማላውቃቸው አንዲት እናት ናቸው። ለምን ቀረህ አላሉኝም። «ልጄ፣ የፊታችን እሁድ ንባቡን የሚያነብልን ሰው የለም። እኔ እንዳላነብ ዓይኔ ደክሟል። አንተ ታነብልናለህ?» አሉኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ቅዳሜ ማታ ክፍሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት፤ ከወራት በኋላ መጽሐፉን የገለጥኩት ያኔ ነው። እሁድ ለንባቡ ሄድኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ከተጋጨሁት ሰው ጋር የታረቅነው በኋላ ነው፣ እሱም ጊዜ ወስዷል።

እኚህ እናት ካረፉ በኋላ ነው የሰማሁት፣ አንድ ደብተር ነበራቸው። በየሳምንቱ ያልመጣውን ሰው ስም ይጽፋሉ። ሳምንቱን ሙሉ ስሙን እየጠሩ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ይደውላሉ። ማንም ኮሚቴ አልመደባቸውም።

ይሄ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 ዓ.ም. አካባቢ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ሮም ውስጥ ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንቶኒኖስ ክርስቲያኖች እሁድ እሁድ ምን እንደሚያደርጉ ጽፎለታል። በከተማም በገጠርም ያሉት አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ የሐዋርያትና የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ። መሪው ያስተምራል፣ ሁሉም ቆመው ይጸልያሉ፣ ኅብስቱና ጽዋው ይታደላል። ከዚያ ዲያቆናቱ ላልመጡት ድርሻቸውን ይወስዱላቸዋል። ያለውም በፈቃዱ ይሰጣል፣ የተሰበሰበው ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩ፣ ለእንግዶች ይሆናል። ያ ሁሉ አገልግሎት በነገሥታት ማሳደድ ሥር ሲካሄድ፣ የቀረው ሰው ድርሻ አይረሳም ነበር። ድርሻውን ለማድረስ ደግሞ መጀመሪያ መቅረቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቤቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ ሰዎች ጊዜ ተርፏቸው እንዳልነበርም ልብ በሉ። ቆስጠንጢኖስ በ321 እሁድን የዕረፍት ቀን አድርጎ እስኪያውጅ ድረስ ቀኑ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነበር። በ112 አካባቢ በትንሿ እስያ ያለችው የቢታንያ ሮማዊ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን በላከው ደብዳቤ ክርስቲያኖቹ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ፣ ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ አደራ ላለመብላት ቃል እንደሚገቡ ጽፏል። ጎህ ሳይቀድ! በ304 ደግሞ በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምንለው አገር፣ ከአቢቲና የመጡ 49 ክርስቲያኖች ከተከለከለው ስብሰባ ላይ ተይዘው ካርታጎ ከተማ በሮማዊው ገዥ ፊት ቀረቡ። ቤቱን የፈቀደው ኤሜሪቶስ ለምን ሰዎቹን እንዳስገባ ሲጠየቅ ወንድሞቼ ናቸው፣ ያለ ጌታ ቀን ጉባኤ መኖር አንችልም የሚል መልስ ነው የሰጠው። እኛ ዝናብ ዘነበ ብለን የምንቀር ሰዎች ይሄን ስንሰማ ዝም ማለት ነው ያለብን።

ግን ይሄን የምነግራችሁ የቀሩትን እንድትገርፉበት አይደለም። ዕብራውያን 10 ላይ «መሰብሰባችንን አንተው» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፣ ለቀረ ሰው ለመላክም እንቸኩላለን። ከእሱ በፊት ያለውን ግን አንብቡት፤ «ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ» ይላል። እንተያይ! ቃሉ የተጻፈው ለተሰበሰቡት ነው። ብዙዎቻችን እኮ ለዓመታት አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስበን አልተያየንም። የፊተኛውን ሰው ጀርባ እናውቃለን፣ ስሙን አናውቅም። ጳውሎስ ሮሜ 16 ላይ ገና በአካል ባልሄደበት ከተማ ያሉትን ከ20 በላይ ሰዎች በስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይልካል። ማን እንደደከመ ያውቃል፣ ማን እንደታሰረ ያውቃል፣ የሩፎስን እናት «ለእኔም እናቴ ናት» ይላል። ያ ምዕራፍ ሲነበብ ብዙ ጊዜ እንቅልፋችን ይመጣል። ለእኔ ከመልእክቱ ሁሉ ልብ የሚያሞቀው እሱ ነው።

በስልክ ስለሚተላለፈው አገልግሎት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁና። አልጋ ላይ ላለ፣ የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ሩቅ ላለ ሰው በረከት ነው፣ የሚደክሙበትንም ወንድሞችና እህቶች ከልቤ አመሰግናለሁ። መሄድ እየቻልን በእሱ የቀረን ግን እናስብበት። ቪዲዮው ይሰብካል፣ ይዘምራል። መቅረታችሁን ግን አያውቅም። እናንተም አጠገባችሁ ማን እንዳለቀሰ አታውቁም።

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። በማኅበራችን ስለ እምነት መጠንከር ስናወራ ቶሎ ወደ ትምህርት ነው የምንሮጠው። ኮርስ እናዘጋጅ፣ ሰባኪ እንጥራ እንላለን። ትምህርቱ ያስፈልጋል፣ የሐዋርያት ሥራ 2፥42 ላይም መጀመሪያ የተጠቀሰው የሐዋርያት ትምህርት ነው። ግን ቁጥሩ እዚያ አያበቃም፤ ኅብረት አለ፣ እንጀራ መቁረስ አለ፣ ጸሎት አለ። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ ሰው ሥራ ሲሰጠው እምነቱ ሥር ይሰዳል። ወጣቱን ለአምስት ዓመት «የነገ ተስፋ» እያላችሁ ኋላ ወንበር ላይ ብታስቀምጡት ነገ አታገኙትም። ዛሬ ማይኩን ይያዝ፣ ያንብብ፣ በር ላይ ቆሞ ሰው ይቀበል፣ የታመመ ይጠይቅ። ይሳሳታል፣ ይሳሳት። ጌታችን እንኳ ናዝሬት በምኵራብ «እንደ ልማዱ» ገብቶ ሊያነብ ነው የተነሣው፤ ተነሥቶ የማንበብ ዕድል በዚያ ጉባኤ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌዎችን ደግሞ «አሁን ይረፉ» እያልን የምናስቀምጥበትን ነገር በጣም እቃወማለሁ። እኔን የመለሱኝ ዓይናቸው የደከመ እናት ናቸው።

ገንዘብ ያዧ እንዲሰሙልኝ የምፈልገው አንድ ታሪክም አለ። በ1742 በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ፣ ሰባኪው ጆን ዌስሊ የሚመራው ማኅበር በስብሰባ ቤቱ ምክንያት ዕዳ ነበረበት። አንድ አባል እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ አለ። ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ አይችሉም ሲባል፣ ከሁሉም ድሃ የሆኑትን 11 ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ ቤታቸው እሄዳለሁ፣ መክፈል ካልቻሉ እኔ እከፍልላቸዋለሁ አለ። ሌሎቹም እንደሱ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ተካፈሉ። ሳንቲም ሊሰበስቡ ሲሄዱ ግን ያላሰቡትን አገኙ፤ የታመመ፣ የተጣላ፣ በመጠጥ የወደቀ፣ ማንም ያልጠየቀው ሰው። ጉዳዩ ከዕዳ መክፈል አልፎ ነፍስ መጠበቅ ሆነ። በኋላ ቤት ለቤቱ ስለከበዳቸው በየሳምንቱ በትንሽ በትንሽ ቡድን መገናኘት ጀመሩ።

ዛሬ ሥራ አስፈጻሚው ይዞላችሁ የመጣው ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አባላት በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት እንዲመደቡ፣ እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲገናኝ ወይም ቢያንስ እንዲደዋወል፣ የቀረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ስሙ እንዲጠራ። ከሰዓት በኋላ ትወያዩበታላችሁ። ተከራከሩበት፣ የማይሆነውን አይሆንም በሉ፤ ለምሳሌ ቡድኑ ወሬ መለቃቀሚያ እንዳይሆን ምን እናድርግ የሚለው እኔንም ያሳስበኛል። የሰው ቁስል የሰማ ሰው አፉን መጠበቅ አለበት፣ ይሄን ካልተስማማን ባንጀምረው ይሻላል። ስንደውልም «የት ጠፋህ» እያልን እንደ ፖሊስ አንጠይቅ። የሚያስፈልገን ነገር ካለ እንንገረው፣ የሚያስፈልገው ነገር ካለ እንስማ። በጉባኤው ተበድሎ የቀረ ካለ ደግሞ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን፤ እሱ እስኪመጣ አንጠብቅ።

ወንበራችሁ ላይ አንዳንድ ትንሽ ወረቀት አለ። ባዶ ነው። አምና በዚህ ጉባኤ አጠገባችሁ ተቀምጦ የነበረ፣ ዛሬ ግን የሌለ ሰው ካለ ስሙን ጻፉበት። ለማንም አትስጡት፣ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። በመጀመሪያው ዕረፍት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አለን፣ ስልካችሁን አውጡና ደውሉለት። እኔም የምደውልለት ሰው አለኝ፣ ስሙን ጠዋት ጽፌዋለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ለጸሎት እንነሣ።